ልጅዎ ያሰበውን ጨዋታ ለኤአይ እንዴት ያስረዳል? ከጠጠርና ከወረቀት የሚጀምር መመሪያ

«የመኪና ጨዋታ ሥራልኝ» ብሎ ለኤአይ የጻፈ ልጅ በደቂቃ ውስጥ የመኪና ጨዋታ ይመጣለታል። ሦስት መስመር ያለው መንገድ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ መኪኖች፣ ግራና ቀኝ የምትሸሽ አንዲት ቀይ መኪና። የጎረቤት ልጅም ያንኑ ቢጽፍ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ያልተነገረውን ሁሉ የሚሞላው በብዛት ካየው ነገር ስለሆነ፣ ጥያቄው ባጠረ ቁጥር መልሱ የማንም ይሆናል። ልጁ በሐሳቡ የነበረው ግን ምናልባት በጎርፍ መካከል ሰው የሚያሻግር ሚኒባስ ነበር፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ ይጮህ ነበር። ያን አልጻፈውም። መጻፍ እንዳለበትም አላወቀም።

ብዙ ሰው መፍትሔው የተመረጡ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገሮችን መሸምደድ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። ጨዋታ ማለት ሕግ ነው፤ ሕጉን ለታናሽ ወንድሙ መናገር የሚችል ልጅ ለኤአይም ይነግረዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍል የሚሠራው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ነው። ከ7 እስከ 12 ዓመት ለሚሆናቸው ልጆች ይስማማል። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቂት የጠርሙስ ቆርኪ፣ አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፉን ይዞ መቀመጥ የሚችል ትልቅ ሰው ነው።

1. የሚያውቀውን ጨዋታ ያስረዳዎት

ልጅዎ አሳምሮ ከሚያውቃቸው ጨዋታዎች አንዱን ይምረጥ። ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ከዚያ «እኔ ይህን ጨዋታ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ የነገርከኝን ብቻ ነው የማደርገው» ይበሉት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ።

«ሳጥን ይሣላል» ካለ፣ ወለሉ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ሳጥን ይሣሉ። «ጠጠር ይወረወራል» ሲል ጠጠሩን ወደ በሩ ይወርውሩት። «ከዚያ ይዘለላል» ሲል በቆሙበት ቦታ በሁለት እግርዎ ይዝለሉ። ልጁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዚያ ማረም ይጀምራል፦ «በአንድ እግር ነው! ጠጠሩ ያለበት ሳጥን አይረገጥም! መስመር የነካ ተራው ያልፋል!» በቁጣ የወጡት ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሕጎች ናቸው። ወረቀት ላይ በልጁ ቃል እንዳለ ይጻፏቸውና ያሳዩት።

«በደንብ አስረዳ» የሚል ምክር እዚህ ቦታ የለውም። ልጁ በደንብ ያስረዳ ይመስለዋል፤ ያልተናገረውን ሰሚው አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጉድለቱ አይታየውም። ልጆች ጨዋታ ሲያስረዱ «ይወረወራል፣ ይያዛል፣ ይወጣል» እያሉ አድራጊውን መተው ይወዳሉ። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይያዙ፦ ማን ነው የሚያደርገው? የት? ከዚያስ ምን ይሆናል?

ከአገር ውጭ ለሚያድጉ ልጆች ገበጣም ይሆናል። አያት ወይም አጎት በስልክ ያስረዳ፣ ልጁ ይጻፍ። ገበጣን አንዱ በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ይጫወተዋል፤ የመብያው ሕግም እንደ አካባቢው ይለያያል። ልጁ ሁለት ዘመዶችን ከጠየቀ «ገበጣ ሥራልኝ» ብሎ መጻፍ ለምን እንደማይበቃ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

2. ጨዋታውን በአንድ ትንፋሽ ይበለው

እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ማሽኑ ላይ ከሠፈሩት አጫጭር መመሪያዎች ዋናው «ብዙ ነጥብ ለማግኘት ኳሱ አያምልጥዎ» የሚል ነበር። ለመጫወት ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ልጅዎም የራሱን ጨዋታ በዚህ ልክ ይጀምረው፦ እኔ ማን ነኝ፣ ምን እፈልጋለሁ፣ ምን ይከለክለኛል።

ለምሳሌ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንውሰድ። እንዲህ አለች እንበል፦ «እኔ ድመት ነኝ። ገመድ ላይ የተሰጣውን ቋንጣ መስረቅ እፈልጋለሁ። ግን አያቴ ማማሰያ ይዛ ትጠብቃለች።» ከዚህ የተሻለ መነሻ አልመኝም።

ልጁ «እንደ ማሪዮ ዓይነት» ብቻ ካለ አይከልክሉት፤ ከማሪዮ የትኛውን እንደሚወድ ይጠይቁት። መዝለሉን ነው? የተደበቀ ነገር ማግኘቱን? ጠላት ላይ መውጣቱን? መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ይሆናል። እሱን ይዞ የራሱን ጨዋታ ይሥራ።

3. መጠየቅ እንጂ መጨመር አይፈቀድም

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። የሚያስቸግረውም ትልልቆቹን ነው። ከልጅቷ ጋር የሚደረገው ውይይት ይህን ሊመስል ይችላል፦

«አያትየዋ ድመቷን ስታይ ምን ይሆናል?»
«ትይዛታለች።»
«ሁልጊዜ ታያታለች?»
«አይ! ወጥ ስታማስል ጀርባዋን ትሰጣለች። ስትዞር ብቻ ነው የምታያት።»
«ድመቷ አያትየዋ ልትዞር መሆኑን በምን ታውቃለች?»

እዚህ ላይ ዝምታ ይሆናል። ይተዉት፣ ይርዘም። «ውሻ ብንጨምርበትስ?» የሚለው ሐሳብ አፍዎ ላይ ደርሶ ከሆነ ይዋጡት። ከዚያ፦

«ማማሰያዋን ድስቱ ላይ ኳ ታደርጋለች! ወጡን ለማራገፍ። ኳ ካለ ትዞራለች።»

ጨዋታው የተገኘው በዚህ መልስ ነው። ሲጫወቱት ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ «ኳ» ነው፤ ወጥ ቤት ገብቶ ያላየ ደግሞ አይፈጥረውም። ትልቁ ሰው ውሻውን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ውይይቱ ስለ ውሻው ይቀጥልና «ኳ» ሳይመጣ ይቀር ነበር።

ዋናው ነገር ከተገኘ በኋላ የቀሩትን ጥያቄዎች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ድመቷ በምን ትንቀሳቀሳለች? ጨዋታው መቼ ያልቃል? የተያዘ ሰው ከየት ይጀምራል? ያሸነፈ ሰው ምን ያያል? «በጣም ፈጣን» እና «ትንሽ ቆይቶ» የሚሉት ቃላት ሲመጡ ወደ ቁጥር ይለውጧቸው። ልጅቷ «ኳ» ትበል፣ እርስዎ ይቁጠሩ፣ «አሁን ዞረች» ስትል ያቁሙ። ሁለት ላይ ካቆመች ሁለት ሰከንድ ነው።

ጠላት ያለበት ጨዋታ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። «ያሳድደኛል» አንድ ሕግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የጃፓናዊው ቶሩ ኢዋታኒ ጨዋታ፣ ፓክማን ውስጥ አራት መናፍስት አሉ። ቀዩ ተጫዋቹ ወዳለበት በቀጥታ ይመጣል፣ ሮዙ ተጫዋቹ ከሚሄድበት ፊት ለመቅደም ይሞክራል፣ ብርቱካናማው ደግሞ ሲቀርብ ይሸሻል። አንድ ዓይነት ሕግ ቢሰጣቸው ኖሮ ተሰልፈው የሚከተሉ አንድ ጠላት ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ልጅዎን «ወዳለህበት ነው የሚመጣው ወይስ ወደምትሄድበት?» ብለው ይጠይቁት። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ልዩነቱን ከአባሮሽ ያውቀዋል።

4. በቆርኪ ይጫወቱት

ወረቀት ላይ ግድግዳውን በግራ፣ ገመዱን በቀኝ፣ ድስቱን መሃል ይሣሉ። ድመቷ ቆርኪ ናት። አያትየዋን እርስዎ ይሁኑ፦ ፊትዎን አዙረው ጠረጴዛውን ኳ ያድርጉ፣ ሁለት ቆጥረው ይዙሩ። ቆርኪው ሲንቀሳቀስ ካዩት ተያዘ።

ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ ቀዳዳው ይታያል፤ አለመንቀሳቀስ ምንም አያስከፍልም። ድመቷ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ሁሉንም ቋንጣ ልትጨርስ ትችላለች። ልጅቷ ይህን ስታይ ራሷ ትፈታዋለች፦ «ምሳ ሰዓት ሲደርስ አያቴ ቋንጣውን ታወርደዋለች!» ስለዚህ 60 ሰከንድ ተወሰነ። በወረቀት ላይ እርሳስ ብቻ የፈጀ ማስተካከያ፣ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ከኤአይ ጋር ረጅም ጭቅጭቅ ይሆን ነበር።

5. አሁን ለኤአይ ይጻፉ

መጀመሪያ የአካውንቱ ጉዳይ። ቻትጂፒቲ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም ደንብ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲጠቀሙበት አይፈቅድም፤ ከ18 በታች ላሉትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ክላውድ የተባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ የሚቀበለው 18 ዓመት የሞላውን ብቻ ነው። ስለዚህ አካውንቱም የሚጽፈው እጅም የእርስዎ ይሁን፣ ልጁ ከጎን ተቀምጦ ይናገር። የልጁ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የሰፈሩ ስምና ፎቶው ጨዋታው ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም፤ አይግቡ። አያትየዋም ስም አያስፈልጋትም።

ሲጽፉ የልጁን ቃል አያሳምሩ። የልጅቷ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«የድመትና የአያት ጨዋታ ሥራልኝ። እኔ ድመቷ ነኝ። በግራ በኩል ካለው ግድግዳ እነሣለሁ። በቀኝ በኩል ገመድ ላይ አምስት ቋንጣ ተሰጥቷል። ቋንጣ ማለት እንዲደርቅ የተሰቀለ ቀጭን ረጅም ሥጋ ነው። አንድ በአንድ ነው የምወስደው። ይዤ ግድግዳው ጋ ስመለስ 1 ነጥብ አገኛለሁ። አያቴ መሃል ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ወጥ ታማስላለች። አንዳንዴ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ ኳ ታደርጋለች። ኳ ካለ ከ2 ሰከንድ በኋላ ትዞራለች፤ 3 ሰከንድ ታያለች። ስታይ ከተንቀሳቀስኩ ቋንጣውን ትቀማኝና ወደ ገመዱ ትመልሰዋለች፤ እኔም ከግድግዳው እጀምራለሁ። ካልተንቀሳቀስኩ ግን አታየኝም። በ60 ሰከንድ ውስጥ አምስቱንም ከወሰድኩ አሸንፋለሁ። ካልሆነ አያቴ ቋንጣውን ታወርደዋለች፤ ጨዋታው ያልቃል።»

«ቋንጣ ማለት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያስተውሉ። የቤታችንን ዕቃና ምግብ ኤአይ በስም ሊያውቀው ይችላል፣ መልኩን ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ማማሰያን ሹካ አድርጎ፣ ምጣድን መጥበሻ አድርጎ ቢሥል አይደነቅ። ልጁ ለእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቅርጹንና ጥቅሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረው።

ከልጁ ጽሑፍ ሥር እርስዎ የሚጨምሩት የቴክኒክ አንቀጽ ይህ ነው፤ ለማንኛውም ጨዋታ ያገለግላል፦ «በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሥራው። ከኢንተርኔት ምስልም ሆነ ድምፅ አይጥራ። በስልክ በጣት፣ በኮምፒውተር በቀስት ቁልፎች ይሥራ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ በሙሉ በአማርኛ ይሁን።» ኤችቲኤምኤል የድረ ገጽ ፋይል ዓይነት ነው፤ እንዲህ የተሠራ ጨዋታ ኢንተርኔት በሌለበትም በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል።

በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ልጁ የሚያስበው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ይጻፉ። ማወቅ ያለብዎት፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደልን ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚቆጥሩት የነፃው አገልግሎት ኮታ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ወረቀት ላይ አስቀድሞ መጨረስ እዚህም ይጠቅማል።

6. ከመሥራቱ በፊት ይድገመው

ከጽሑፉ መጨረሻ ይህን ይጨምሩ፦ «ገና አትሥራ። መጀመሪያ የገባህን በራስህ ቃል ንገረኝ። ያልነገርኩህ ነገር ካለ ጠይቀኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ወላጆች ይዘሉታል፣ ምክንያቱም ልጁ ጨዋታውን ለማየት ቸኩሏል። አይዝለሉት። ኤአይ ለልጅቷ «አንዳንዴ ማለት በየስንት ሰከንዱ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በእርግጥም ይህን አልወሰነችም። «ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ቆጥሬ አውቀዋለሁ» ብላ ታስባለች፤ ከ4 እስከ 8 ሰከንድ ባለው መካከል፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ ይሁን ትላለች። ኤአይ ያልተባለ ነገር ከጨመረ፣ ለምሳሌ «ድመቷ ሦስት ሕይወት አላት» ካለ፣ ልጁ «አላልኩም» ለማለት አይፍራ። ማሽን ያለው ሁሉ ልክ የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ይህን ማስለቀቅ ለእኔ ከጨዋታው ይበልጣል።

7. ሲበላሽ እንዴት ይናገራል?

የመጀመሪያው ጨዋታ ሲመጣ አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። ልጁ «አይሠራም!» ይላል። ይህ ለኤአይ ምንም አይነግረውም። የስህተት አነጋገር ሦስት ክፍል አለው፦ ምን አደረግሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን መሆን ነበረበት። የልጅቷ ይህን ይመስላል፦ «አያቴ ከመዞሯ በፊት ጣቴን አነሣሁ። ድመቷ ግን ትንሽ ተንሸራተተችና ተያዘች። ጣቴን ሳነሣ ወዲያው መቆም ነበረባት።»

በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ይናገር። አምስት ከደረደረ የቱ እንደተስተካከለ፣ የቱ በማስተካከሉ ሰበብ እንደተበላሸ መለየት ያቅታል። ኤአይ አንዱን ሲጠግን ሌላውን መስበሩ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ደህና የሠራውን ፋይል «ድመት 1»፣ «ድመት 2» እያሉ ለየብቻ ያስቀምጡ። «አስተካክያለሁ» የሚለውን መልስ ደግሞ ተጫውተው ሳያዩ አይመኑት፤ ሳያስተካክል እንዲህ የሚልበት ጊዜ አለ።

ስህተት ሁሉ ግን አይጠገንም። እ.ኤ.አ. በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ፣ ጠላቶቹ እየተመቱ ሲያንሱ የቀሩት እየፈጠኑ እንደሚሄዱ አየ። ምክንያቱ ማሽኑ የሚሥለው ነገር ስለቀነሰለት ነበር። ኒሺካዶ አልጠገነውም፤ ጨዋታው እያደር የሚያስጨንቅ እንዲሆን እንዳለ ተወው። ስለዚህ ልጁ ያልጠበቀው ነገር ሲመጣ «ይስተካከል?» ከማለት በፊት «ደስ ይላል ወይስ አይልም?» ብለው ይጠይቁት። ቋንጣ የያዘችው ድመት ባልታወቀ ምክንያት ቀስ ብላ የምትሄድ ከሆነ፣ ሥጋው ከብዷት ነው ብሎ መተውም ውሳኔ ነው።

8. ሌላ ልጅ ይጫወተው

የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ይጠራ። የጨዋታው ባለቤት ጎን ይቀመጥ፣ አንድም ቃል አይናገር። ይህን ሕግ ማስከበር ከባድ ነው፤ እጁ ሳይቀር ይሮጣል።

የሚታየው ነገር ግን ዋጋ አለው። ብዙ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚውለው። ድምፅ ከሌለ «ኳ» የለም፤ «ኳ» ከሌለ አያትየዋ ያለ ምልክት ትዞራለች፣ እንግዳው ልጅም «ይሄማ ያታልላል» ብሎ ስልኩን ይመልሳል። ባለቤቷ ይህን ካየች የምትጽፈውን ማንም አይነግራትም፦ «ኳ ስታደርግ ማማሰያው ከፍ ብሎ ይታይ፤ ከድስቱም እንፋሎት ይውጣ።»

ልጁ «ውስጡ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ከጠየቀ ጊዜው የስክራች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ኤምአይቲ የወጣ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን የተዘጋጀው በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ገጹ በአማርኛም ይከፈታል። ልጁ ያንኑ ሕጉን ብሎክ በብሎክ እየገጣጠመ ራሱ ይሠራዋል። ካልጠየቀ አይገፋፉት።

ጨዋታውን ለዘመድ ለመላክ የኤችቲኤምኤል ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ሰነድ አያይዘው ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ራስዎ ኢንተርኔት ዘግተው ከፍተው ይሞክሩት። የተቀባዩ ስልክ ፋይሉን በምን ልክፈተው ብሎ ከጠየቀ ብራውዘሩን ይምረጥ፤ አልከፈት ካለ ፋይሉን መጀመሪያ ስልኩ ላይ አውርዶ፣ ከወረዱ ፋይሎች ማኅደር ውስጥ ይክፈተው።